ከአርማታው በፊት

ልደታ፣ ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ የጠበቃ ቢሮ ናት። በሩን ገፋ አድርገው የገቡት ሴት ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የባንክ ደረሰኞች፣ በላስቲክ የታሰሩ የብሎኬትና የሲሚንቶ ቫውቸሮች፣ በስልክ ተነስተው የታተሙ ፎቶዎች ወጡ። ከሁሉም በታች ጫፉ የታጠፈ ባለ ሁለት ገጽ ውል አለ። ሴትየዋ ዱባይ በሰው ቤት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ አያት አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እያሠሩ ነበር። ግንባታው የመጀመሪያው ሶሌታ ላይ ቆሟል። ሥራ ተቋራጩ ከውሉ ዋጋ ሦስት አራተኛውን ወስዶ፣ ብረት ተወደደብኝ ብሎ፣ እንጨቱንና ማሽኑን ጭኖ ወጥቷል።

“እናቴ፣ ይሄ ውል ሲፈረም ያነበበልዎት ሰው ነበር?” አለ ጠበቃው።

“ወንድሜ ነው የፈረመው። እኔ እዚያ ነበርኩ።”

ጠበቃው ደረሰኞቹን ወደ ጎን አድርጎ በሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከውሉ አፈጻጸም ጋር በተያያዘ የሚነሳ ማናቸውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት እንደሚፈታ የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። ገላጋዮቹን ማን እንደሚሰይም፣ ስንት እንደሚሆኑ፣ የት እንደሚቀመጡ አይናገርም። ሴትየዋ ግን በዚያው ሳምንት ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉ ጸሐፊዎች ዘንድ ክስ አስጽፈው፣ መክፈት ብቻ ቀርቷቸው ነበር የመጡት። ክሱ ቢከፈት ተከሳሹ ምን ብሎ እንደሚመልስ ጠበቃው ከወዲሁ ያውቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ጉዳዩ በግልግል እንዲያልቅ ስምምነት አለ የሚለውን ከመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። መቃወሚያው ገና ከጅምሩ ከተነሳና ተቀባይነት ካገኘ መዝገቡ ይዘጋል፤ ስለ ሶሌታው አንድም ቃል ሳይነገር።

በግንባታ ጉዳይ የሚሠሩ ጠበቆች ይህን ፌስታል በደንብ ያውቁታል። ሰው ጠበቃ ፍለጋ የሚወጣው መጥሪያ ሲደርሰው ወይም ተቋራጩ ስልክ ማንሳት ሲያቆም ነው። ለሌላ ጉዳይ ይህ ጊዜ ላይረፍድ ይችላል። ለግንባታ ግን መሽቷል። ዳኛው ፊት የሚቀርቡት ወረቀቶች ያኔ አንድም ተጽፈዋል፣ አንድም ሳይጻፉ ቀርተዋል፤ ጎበዝ ጠበቃም ቢሆን ያልተጻፈውን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጽፈው አይችልም። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜን ሳልሸፍን ልናገር፦ ለግንባታ ጠበቃ የሚያዘው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው። ለዚያ የሚከፈለው ገንዘብ ከሕንፃው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት ሊሆን ይችላል።

የመኖሪያ ቤት ግንባታ ውል ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በጸሐፊ ቤት ነው። ከሌላ ሰው ውል ላይ ስምና ዋጋ ተቀይሮ፣ “ቁልፍ እስከማስረከብ” ተብሎ፣ የሥራ ዝርዝርና የዕቃ ዓይነት ሳይያያዝበት ይፈረማል። ሕጉ ግን ያንን ወረቀት በቀላሉ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ እንደሚጸናባቸው ይደነግጋል። ጸሐፊው ሳያስብ የገለበጣት የግልግል አንቀጽም ሴትየዋን የምታስረው በዚሁ ጉልበት ነው።

ሥራ ተቋራጩ “ብረት ተወደደ” ማለቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ተናግቷል። ፌሮ፣ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ኬብል፣ ሊፍት፣ ሁሉም ዶላር ይፈልጋሉ። በአሮጌ ዋጋ የተዋዋለ ትንሽ ተቋራጭ በሐቀኝነት ሠርቶ ሊከስር ይችላል፤ የከሰሩትንም አውቃለሁ። ይሁንና የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 ውሉን መፈጸም ለአንደኛው ወገን ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነበት ብቻ ውሉ ቀሪ እንደማይሆን ይናገራል፤ ዳኛም በርኅራኄ ተነስቶ ዋጋውን አይከልስም። ለመንግሥት በሚሠራ የአስተዳደር ውል ላይ ነገሩ ይለያል፤ ያልታሰበ ሁኔታ ሚዛኑን ሲያናጋው ተቋራጩ አስተዳደሩ ኪሳራውን እንዲያግዘው የሚጠይቅበት በር በዚያው ሕግ ውስጥ አለ። በሁለት ግለሰቦች መካከል ግን ያለው መድኅን አንድ ነው፦ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ። የትኛው ዕቃ፣ ከየትኛው ቀን ዋጋ ተነስቶ፣ በስንት በመቶ ሲጨምር፣ በምን ማስረጃ እንደሚካካስ አንድ አንቀጽ ውስጥ ቢጻፍ ኖሮ የአያት ሰፈሯ ሴትዮና ተቋራጫቸው ዛሬ ምናልባት ጣሪያው ላይ ነበሩ። ይህን አንቀጽ መጻፍ የጠበቃ ሥራ ነው። ጠበቃው ያኔ አልነበረም።

ሌላ ሳይት ልውሰዳችሁ። ሰሚት አካባቢ አራተኛ ፎቁ ላይ የደረሰ ሕንፃ አለ። የሳይት መሐንዲሷ በቆርቆሮ ቢሮዋ ውስጥ ኮፒ ያለው ትልቅ ደብተር ዘርግታለች፤ የሳይት መዝገቡ ነው። የዚያን ቀን ገጽ አየሁት። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ዝናብ እንደነበር፣ ስንት ግንበኛና ስንት ቀን ሠራተኛ እንደተገኘ፣ የአራተኛው ፎቅ ኮለኖች ፌሮ ታስሮ በአማካሪው ተቆጣጣሪ እንደታየ፣ ከአርማታው ኩብ ተወስዶ ለሙከራ እንደተላከ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰፍሯል። ከታች ሁለት ፊርማ አለ፤ የእሷና የተቆጣጣሪው። ኩቡ በ7ኛው ቀንና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ውጤቱ የሚመጣባት ወረቀትም እዚያው ትያያዛለች። ነገ “አርማታው ደካማ ነው” የሚል ክስ ቢመጣ ይህ ገጽ ከአሥር የሰው ምስክር ይበልጣል።

ካፖው በመሃል ገብቶ ባለቤቱ መጥተው እንደነበርና የደረጃው ጎን ግድግዳ ፈርሶ በመስታወት እንዲሆን እንዳዘዙ ነገራት። መሐንዲሷ ሥራውን አላስጀመረችም። “በአማካሪው በኩል የሥራ ለውጥ ትዕዛዝ ይጻፍልኝ፤ ዋጋና ተጨማሪ ቀኑም ይግባበት” የሚል ባለ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጀች። ባለቤቱ ቅር ሊላቸው ይችላል። እሷ ግን ካለፈው ሥራዋ ተምራለች፤ እዚያ በቃል የታዘዘ ተጨማሪ ሥራ ተሠርቶ ክፍያ ሲጠየቅ “ማን አዘዘህ?” ተብሏል። የዚህን ደብዳቤ ቅጽ የሰጣት የድርጅቱ ጠበቃ ነው። ክስ ሳይኖር፣ ጠብ ሳይኖር፣ ጠበቃው በዚህች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሥራውን ይሠራል።

ትልልቅ ፕሮጀክቶች በሚሠሩበት በፊዲክ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የውል ቅጽ ላይ ቀኑ ምሕረት አያውቅም። በ1999ኙ እትም መሠረት ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያስጠይቅ ነገር መከሰቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። አርማታው ጥንካሬውን በሚያሳይበት የቀን ቁጥር የተቋራጩ ጥያቄ ይሞታል ማለት ነው። ብዙ ተቋራጮች “ከደንበኛዬ ጋር አልጣላም” ብለው ደብዳቤውን ያዘገዩታል። ይህን አስተሳሰብ እረዳዋለሁ፤ በእኛ አገር ደብዳቤ መጻፍ እንደ ጦርነት አዋጅ ይታያል። ጥሩ ጠበቃ ግን ማስታወቂያው ያለ ክፉ ቃል፣ በአክብሮት፣ ቀኑን ጠብቆ እንዲወጣ ያደርጋል። በቴሌግራም የተላከውም ዋጋ አለው፤ የ2012ቱ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስልኩ ሲቀየር መልእክቱ እንዳይጠፋ ማስቀመጡ ግን የባለጉዳዩ ፋንታ ነው።

እንግዲህ ጠበቃው እንዴት ይመረጣል? ጎረቤት “የኔን የፍቺ ጉዳይ ያሸነፈልኝ” ያለው ሰው የክፍያ ሰርተፍኬት ማንበብ ላይችል ይችላል። ፈቃዱ የጸና መሆኑንና ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት ለመቆም የሚያስችለው መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ስለ ግንባታ ይሁን። ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ ምን ልዩነት እንዳላቸው፣ ከየክፍያው የሚያዘው የጥራት መያዣ መቼ እንደሚለቀቅ፣ የመዘግየት ቅጣት ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ጠይቁት። አብሮት የሚሠራ መሐንዲስ እንዳለውም ጠይቁት፤ የግንባታ ክርክር ያለ ልኬት አይሄድምና። ውሉን ሳያነብ “አትጨነቁ፣ ይሄማ ያለቀለት ነው” የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የምትፈልጉት ወረቀታችሁን አንብቦ ደካማ ጎናችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁን ነው። ባላጋራችሁን ከዚህ በፊት አማክሮ እንደሆነም ሳታፍሩ ጠይቁ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ለግንባታ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የብዙ ሺህ ገጽ ሰነድ ያለው የመንገድ ወይም የግድብ ክርክር ለአንድ ሰው ትከሻ ይከብዳል። ለመኖሪያ ቤት ግን አንድ በሳል ጠበቃ ይበቃል።

ከጠበቃው ጋር የሚደረገው ውልም በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ቁርጥ ነው ወይስ በመቶኛ? እስከ ሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው ወይስ ይግባኝንና ሰበርን ይጨምራል? አፈጻጸሙስ? በተጠየቀው ገንዘብ መጠን የሚሰላው የዳኝነት ክፍያ፣ የባለሙያ አበልና የትራንስፖርት ወጪ በማን ነው? ይህ ሳይለይ ቀርቶ ደንበኛና ጠበቃ ራሳቸው የተካሰሱበት ጊዜ አለ። ዋና ሰነድ ሲሰጥም በዝርዝር ፈርሞ የሚቀበል ጠበቃ ይሻላል።

በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው በውስጡ የተጻፈው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ጠቅላላ ውክልና ብቻ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መታረቅ፣ በግልግል ለመዳኘት መስማማት ወይም በክስ መከራከር እንደማይችል ይደነግጋል፤ ለእነዚህ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። የአያት ሰፈሯ ሴትዮ ወንድም የያዘው ጠቅላላ ውክልና ነበር። በዚያው ውክልና የግልግል አንቀጽ ያለበትን ውል ፈርሟል። ኋላም ተቋራጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሲያቆም በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ ጭማሪ ዋጋ ለመክፈል በእህቱ ስም ታርቋል፤ ተቋራጩ ጭማሪውን ተቀብሎ ጥቂት ሳምንት ሠርቶ እንደገና ወጣ። ጠበቃው ውክልናውን መስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ መስመር በመስመር ሲያነበው ሴትየዋ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁ ነበር። ግልግሉም ዕርቁም ይጸናባቸዋል ወይስ አይጸናም የሚለው የክርክሩ እምብርት ሊሆን ነው። እሳቸው ኤምባሲ ሄደው ሲፈርሙ ግን ወረቀቱን ቅጽ መሙላት ብቻ አድርገው ነበር የቆጠሩት።

ወንድምየውን የሚወቅስ አይገኝም። ሽማግሌ መቀመጥ መልካም ልማዳችን ነው፤ በግንባታ ላይ ደግሞ ከፍርድ ቤት ይልቅ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቆሞ ዝናብ የሚመታው ፌሮ የዳኛን ቀጠሮ አይጠብቅምና። ጠበቃ በሽማግሌ ፊት ቢገኝ ነገር ያከራል የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት የለውም። በዕርቁ ወረቀት ላይ ምን ያህል ሥራ እንደቀረ፣ ተቋራጩ መቼ እንደሚጨርስ፣ ካልጨረሰ ምን እንደሚሆን የሚያስጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ክስ ከተከፈተም በኋላ ቢሆን ዕድሉ አይዘጋም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር የማስማማት ሥራን አስገብቷል።

ዕርቅ ካልሆነ መድረኩን መምረጥ ይመጣል። በዚሁ አዋጅ መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ግልግል ከሆነ የሚገዛው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ግልግል ግንባታን የሚያውቅ ሰው ዳኛ አድርጎ የመምረጥ ዕድል ይሰጣል፤ ፈጣንም ሊሆን ይችላል። ገላጋዮቹን የሚከፍሉት ግን ተከራካሪዎቹ ናቸው፤ ለአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ወጪው ራሱ ሊከብድ ይችላል። ውሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በቀር በግልግል አይታይም።

ይህ የመድረክ ነገር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያዩት ትልልቆቹ ናቸው። ጣሊያናዊው ሳሊኒ ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በነበረው ክርክር የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ ገላጋዮቹ ስብሰባውን ፓሪስ ለማድረግ ወሰኑ። ባለሥልጣኑ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሄዶ ዕግድ አገኘ፤ የግልግል ጉባኤው ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ዕግዱ አያግደኝም ብሎ ለመቀጠል ወሰነ። የአሮጌው የጅቡቲ ኢትዮጵያ ባቡር መስመር ዕድሳትም እንዲሁ ነበር። ኮንስታ የተባለው ተቋራጭ በግልግል 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተፈረደለት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በ2010 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 128086 ያንን ውሳኔ ሻረው። “የግልግሉ ውሳኔ የመጨረሻ ነው” ብሎ መጻፍ ብቻ ሰበርን እንደማያስቀር ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። የ2013ቱ የግልግል አዋጅ ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ሲባል ለሰበር መቅረብ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ። ይህን በር ክፍት መተው ወይስ መዝጋት ይሻላል? መልሱ እንደ ጉዳዩ ነው፤ የሚመለሰው ግን ውሉ ሲጻፍ እንጂ ከተፈረደ በኋላ አይደለም።

ፍርድ አግኝቶ ገንዘብ አለማግኘትም አለ፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ለአፈጻጸም ሲኬድ ድርጅቱ ባዶ ስም ሆኖ፣ ማሽኑ በሌላ ሰው ስም ዞሮ ይገኛል። ነቅቶ የሚሠራ ጠበቃ ተከሳሹ ንብረት እያሸሸ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሲያይ ፍርድ ሳይጠብቅ እንዲከበር ወይም እንዲታገድ ያመለክታል። ከሁሉ በፊት ግን ውሉ ሲፈረም ለቅድሚያ ክፍያውና ለሥራው አፈጻጸም ዋስትና ያስቀርባል፤ የዋስትናውንም ቃል ያነባል። አንዱ ዋስትና በመጀመሪያው ጥያቄ ይከፈላል፤ ሌላው የተቋራጩ ጥፋት እስኪረጋገጥ ይጠብቃል። ሁለቱም ወረቀት ላይ “ዋስትና” ተብለው ነው የሚጻፉት።

ቤቱ አልቆ ቁልፍ ከተረከቡ በኋላም የሚቀር ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳትም ይጠየቃል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ቢጻፍም ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቦታ መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም አብሮት ይሄዳል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ያየ ባለቤት በልስን ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ያንሳው፣ መሐንዲስ ያሳየው፣ ለተቋራጩም በጽሑፍ ያሳውቀው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ ስለሆነ የርክክቡ ሰነድ ላይ ቀኑ፣ የሁለቱም ፊርማና በዕለቱ የታዩት ጉድለቶች ዝርዝር ሊኖር ይገባል። አንዱ ኮፒ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጣል፤ ሌላው ጠበቃው ፋይል ውስጥ ይገባል።